ከባሕር ዳር ሆናችሁ ለጀርመን የተማሪ ቪዛ ወረቀት ስትሰበስቡ

ታናሽ እህቴ ዘንድሮ ጀርመን ለማስተርስ እያመለከተች ነው፣ እና ባለፈው ቅዳሜ ወረቀቶቿን ሁሉ ሳሎን ምንጣፍ ላይ ዘርግተን አንድ በአንድ ስናይ ስሟ በሦስት ዓይነት ስፔሊንግ ተጽፎ አገኘነው። ፓስፖርቷ ላይ አንድ ዓይነት፣ የ12ኛ ክፍል ሰርተፊኬቷ ላይ ሌላ፣ የመሥሪያ ቤቷ ደብዳቤ ላይ ደግሞ ሌላ፣ የአያት ስም ጭራሽ የሌለበትም አለ። ደነገጠች። እኔ ግን አልገረመኝም ምክንያቱም እኔም ስሄድ ያለፍኩበት ነው፣ እንደውም የኔው ይብስ ነበር፣ ወደታች እነግራችኋለሁ። ከባሕር ዳር ሆኖ ይሄን ነገር የሚጀምር ሰው ብዙ ስለሆነና አዲስ አበባ ያለ ሰው በአንድ ቀን የሚጨርሰው ነገር እኛን ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚያመላልሰን የማውቀውን ልጻፈው ብዬ ነው።

በመጀመሪያ የምናወራው ከ90 ቀን በላይ ስለሚያስቆየው ቪዛ ነው፣ ናሽናል ቪዛ ወይም ዲ ቪዛ የሚባለው። ለጉብኝት የሚሰጠው ሸንገን ሌላ ነው፣ ወረቀቱም ሌላ ነው፣ አትቀላቅሉት። ሌላው ደግሞ ድሮ ቪዛ ሲከለከል በነጻ ቅሬታ የሚጻፍበት መንገድ ነበር፣ ሬሞንስትሬሽን የሚሉት፣ አሁን ግን ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ በሁሉም የጀርመን ኤምባሲዎች ቀርቷል። አሁን ከተከለከላችሁ ያለው ምርጫ እንደገና ከፍሎ ማመልከት ወይም በርሊን ፍርድ ቤት መክሰስ ነው። በርሊን ጠበቃ ቀጥሮ የሚከስ ስንቱ ነው? ስለዚህ ፋይሉ መጀመሪያ ሲገባ የተስተካከለ መሆን አለበት፣ "ይሄ ቢጎድልም በኋላ እጨምራለሁ" የሚባል ነገር አይሠራም ብላችሁ ነው መነሳት ያለባችሁ።

ፓስፖርታችሁን አውጡና ጠረጴዛ ላይ አድርጉት። ከዚህ በኋላ ትክክለኛው ስማችሁ እናታችሁ የምትጠራችሁ ሳይሆን እዚያ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈው ነው። የኛ ስሞች በእንግሊዝኛ ሲጻፉ እንደጻፊው ይለያያሉ፣ "ቀ"ን አንዱ በኬ አንዱ በኪው ይጽፋታል፣ "ፀ"ን አንዱ በቲ እና ኤስ፣ አንዱ በኤስ ብቻ፣ መጨረሻ ላይ "ዬ" ሲመጣማ ሁሉም የመሰለውን ነው የሚያደርገው። እዚህ እርስ በርስ ስንተዋወቅ ምንም አይደለም፣ ፋይላችሁን የሚያየው ሰው ግን አማርኛ ላያነብ ይችላል፣ ለሱ ኪው እና ኬ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ አንድ ወረቀት ላይ ስማችሁን ከነአባትና ከነአያት ልክ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ጻፉት፣ ፎቶ አንሱት፣ ከዛሬ ጀምሮ የትኛውም ቢሮ ደብዳቤ ሲጽፍላችሁ እሱን አሳዩት፣ በቃል አትንገሩ። ፋይዳም ላይ እንደዛው መሆኑን እዩ። ፓስፖርት ገና ካላወጣችሁ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ፣ በትራንስክሪፕታችሁ ላይ ባለው ስፔሊንግ አስወጡት፣ ፓስፖርቱን ከትምህርት ማስረጃው ማስማማት የትምህርት ማስረጃውን ከፓስፖርቱ ከማስማማት በጣም ይቀላል። የ12ኛ ክፍሉን የሚያርመው አዲስ አበባ ያለው የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ነው፣ የዩኒቨርሲቲውን ሬጅስትራር፣ ሁለቱም ጊዜ ይፈልጋሉ።

አሁን የልደት ሰርተፊኬት። ይሄ ላይ ትንሽ እቆያለሁ።

የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ስለሆነ አሁን ለቪዛ የሚያመለክት አብዛኛው ሰው ሲወለድ አልተመዘገበም፣ ትልቅ ሆኖ ነው ቀበሌ ሄዶ የሚያወጣው። የቀበሌ መታወቂያ፣ ፎቶ፣ ምስክር ይጠየቃል፣ ምን ምን እንደሚፈልጉ ግን ከቀበሌ ቀበሌ ስለሚለያይ ቀድማችሁ ሂዱና ጠይቁ፣ ምስክሮቻችሁን ይዛችሁ ከሄዳችሁ በኋላ "አንድ ወረቀት ይጎድላል" ቢሏችሁ ሰው ማንገላታት ነው። እኔ አባቴ የዘጌ ሰው ስለሆነ ልጅነቴን የሚያውቁ ሽማግሌ አጎቴን በጠዋት ጀልባ ከዘጌ አስመጥቼ ነበር፣ እሳቸው ነጠላቸውን አጣፍተው ከወደቡ ቀጥታ ቀበሌ መጡ፣ የዛን ቀን ደግሞ ሲስተም የለም ተባለ። ቡና አጠጥቼ መለስኳቸው። በሁለተኛው ጊዜ መጀመሪያ ስልክ ደወልኩ።

ሰርተፊኬቱ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ነው የሚጻፈው፣ ዋናው አደጋ እንግሊዝኛው ጋ ያለው ቀን ነው። እኔ የተወለድኩት ጥር 11 ቀን 1992 ነው፣ የጥምቀት ለት። ፓስፖርቴ ላይ ጃንዋሪ 20 ቀን 2000 ይላል። ሰርተፊኬቱን የጻፈልኝ ልጅ ግን ጥምቀት ሁልጊዜ ጃንዋሪ 19 ነው ብሎ ጃንዋሪ 19 ብሎ ጻፈው፣ እኔም ሳላይ ፈርሜ ወሰድኩ። ሁለቱም አውቀው አላጠፉም፣ ግን የፓስፖርቱ ነው ልክ። ለምን መሰላችሁ፣ ዘመነ ሉቃስ ጳጉሜ 6 ቀን ይሆናል፣ ስለዚህ ቀጥሎ የሚገባው ዘመነ ዮሐንስ መስከረም 1 በሴፕቴምበር 11 መሆኑ ይቀርና 12 ላይ ይውላል፣ ይሄ የአንድ ቀን ፈረቃ ደግሞ እስከ የካቲት ድረስ ይቀጥላል፣ ፈረንጆቹ የራሳቸውን ፌብሩዋሪ 29 እስኪጨምሩ ማለት ነው። 1988፣ 1992፣ 1996 ዘመነ ዮሐንስ ናቸው። በነዚህ ዓመታት ከመስከረም እስከ የካቲት የተወለዳችሁ ልጆች ወረቀታችሁን ደግማችሁ እዩ። ዓመቱ ላይም ስህተት አለ፣ ሁሉም ሰው 8 ደምሮ ይገላገላል፣ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ ግን የሚደመረው 7 ነው፣ 8 የሚሆነው ጃንዋሪ ከገባ በኋላ ነው። ኅዳር ላይ ተወልዶ በሰርተፊኬቱ አንድ ዓመት ያነሰ ጓደኛ አለኝ።

እኔ ይሄን ያወቅኩት ለኤምባሲ ቀጠሮዬ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ነው፣ ልክ አሁን ለእህቴ እንዳደረግነው ምንጣፍ ላይ ስዘረጋቸው። ሰርተፊኬቱን ደግሞ ውጭ ጉዳይ ማኅተም አስመትቼበት ነበር። ስለዚህ ምን ሆነ፣ ቀበሌ ማመልከቻ ጽፌ አሳረምኩ፣ አዲስ ሰርተፊኬት ወጣልኝ፣ ማኅተሙ ግን አሮጌው ላይ ስለቀረ አዲስ አበባ እንደገና ሄጄ አስመታሁ። ለአንድ ቀን ልዩነት ሁለት ጊዜ አዲስ አበባ። ሰርተፊኬቱን ሲሰጧችሁ እዛው መስኮቱ ላይ ቆማችሁ ፓስፖርታችሁን ከጎን አድርጋችሁ ፊደል በፊደል አንብቡ፣ ከኋላ ያለው ሰው ቢያጉረመርምም አንብቡ።

ቀጥሎ የዩኒቨርሲቲ ወረቀት ነው፣ ጊዜ የሚበላው እሱ ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማርን ሰዎች ስንመረቅ የሚሰጠን ቴምፖራሪ፣ ማለትም ጊዜያዊ ማስረጃ ነው፣ ኦሪጅናሉን ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱን ለማውጣት ኮስት ሼሪንግ መጨረስ አለብን። ኮስት ሼሪንግ ማለት በየዓመቱ ስንመዘገብ የፈረምነው ውል ነው፣ የምግብና የመኝታ ሙሉ ወጪ እና ከትምህርቱ ወጪ ቢያንስ 15 በመቶ። ሥራ ላይ ያለ ሰው ከደሞዙ በየወሩ ይቆረጥበታል፣ ግን ለውጭ የሚያመለክት ሰው ሙሉውን ከፍሎ ክሊራንስ፣ ዕዳ የለበትም የሚል ወረቀት፣ ማምጣት ነው የሚያዋጣው። መሥሪያ ቤታችሁ ሲቆርጥ ከነበረ "ተቆርጧል" የሚለውን በቃል አትመኑ፣ ገቢ የተደረገበትን ደረሰኝ ወይም ደብዳቤ ጠይቁ፣ ተቆርጦባችሁ ያልተላለፈ ገንዘብ ካለ አሁን ነው የሚታወቀው። የከፈላችሁበትን ማስረጃ ሁለት ኮፒ አድርጉት፣ አንዱ ሬጅስትራር ጋ ይቀራል። እና በሰኔ መጨረሻ አትሂዱ፣ የመንግሥት በጀት ዓመት ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ሁሉም ቢሮ ሂሳብ ላይ ነው የሚሆነው።

ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የተማራችሁ፣ ፖሊም ሁኑ ዘንዘልማ ወይም ይባብ፣ መጀመሪያ በየግቢያችሁ ያለው ሬጅስትራር ምን እንደሚሠራላችሁና ምን ምን ለዋናው ፔዳ እንደሚቀር ጠይቁ፣ አለዚያ በባጃጅ ስትመላለሱ ቀኑ ያልቃል። የምትጠይቁት ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ነው፣ ስቱደንት ኮፒ አይደለም፣ በታሸገ ፖስታ ከሚላከው ሌላ ለራሳችሁ የምትይዙትም ያስፈልጋችኋል፣ ስለዚህ ስንት እንደምትፈልጉ ቆጥራችሁ በአንዴ ጠይቁ። ትራንስክሪፕቱ ጀርባ ላይ የግሬድ አሰጣጡ ማብራሪያ መኖሩን እዩ፣ ጀርመኖች የኛን 4.00 ወደራሳቸው የሚቀይሩት ከፍተኛውን ውጤትና ዝቅተኛውን ማለፊያ 2.00ን ይዘው ነው፣ እሱ ካልተጻፈ ሬጅስትራሩ አንድ ደብዳቤ ቢጽፍላችሁ ጥሩ ነው። ኮፒ ስታደርጉም የጀርባውን ገጽ አትርሱ፣ ብዙ ሰው የፊቱን ብቻ ነው ስካን የሚያደርገው።

የ10ኛ ክፍል ሰርተፊኬታችሁንም አትጣሉ። ፈተናው ከ2011 ዓ.ም. በኋላ ቀርቷል፣ ግን ከዛ በፊት የተፈተንን ሰዎች የትምህርት ታሪካችን ላይ አለ፣ ዩኒቨርሲቲው ወይም ኤምባሲው ከ12ኛው ጋር አብሮ ሊጠይቅ ይችላል።

ላሚኔት አታስደርጉ! እባካችሁ። ፔዳ በር ላይ ያሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች "ልሸፍንልህ" ይሏችኋል፣ ዲግሪ ሲሆን ደግሞ ሁሉም ሰው እንዳይበላሽበት ብሎ ይሸፍነዋል፣ ግን ማኅተም የሚመታው ወረቀቱ ላይ ነው፣ በፕላስቲክ ላይ አይመታም፣ ልትልጡት ብትሉ ቀለሙ አብሮ ይላጣል። እንዲሁ በፕላስቲክ ኪስ ያለው ክላሰር ግዙና አስገቡት፣ ሐይቁ ዳር ቤታችሁ ያለ ሰዎች ክረምት ላይ እርጥበቱ ወረቀት እንደሚያጣብቅ ታውቃላችሁ፣ ቁም ሳጥን ከፍ ያለ ቦታ ላይ ይቀመጥ።

ወደ አዲስ አበባው ማኅተም ስንመጣ፣ የትምህርት ማስረጃ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ጋ ይረጋገጣል፣ ከዚያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያጸድቀዋል፣ ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው፣ መጀመሪያ ውጭ ጉዳይ ከሄዳችሁ ይመልሷችኋል። ግን ከመሄዳችሁ በፊት ኤምባሲው ድረ ገጹ ላይ ያወጣውን ቼክሊስት አውርዳችሁ የትኛው ወረቀት ማኅተም እንደሚፈልግ፣ የትኛው ኮፒ ብቻ እንደሚበቃ ለዩ። ሰው ሁሉንም ወረቀት ዝም ብሎ ሲያስመታ አይቻለሁ፣ ገንዘብም ጊዜም ነው። ቼክሊስቱ ደግሞ ስለሚቀየር የጓደኛችሁን የአምና ወረቀት ሳይሆን የዛሬውን አውርዱ። በአማርኛ ብቻ ያለ ማስረጃ ካለ ፈቃድ ባለው ተርጓሚ ወደ እንግሊዝኛ ወይም ወደ ጀርመንኛ ይተርጎም፣ እና ተርጓሚው ጋ ስትሄዱ ያቺን የስም ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ፣ አለዚያ አራተኛ ስፔሊንግ ይወለዳል።

አዲስ አበባ የምታምኑት ዘመድ ካለ ውክልና ስጡት። ይሄ እኔን በጣም ያዳነኝ ነገር ነው፣ በሁለተኛው ዙር የትምህርት ማስረጃዬን ያስመታችልኝ የአክስቴ ልጅ ናት። ግን ውክልናው ላይ በግልጽ "የትምህርትና የልደት ማስረጃዎቼን እንድታስመሰክር፣ እንድታረጋግጥ፣ ስሜ ሲስተካከል ፈርማ እንድትቀበል" ተብሎ ይጻፍ፣ የንብረት ውክልና ኮፒ አድርገው የሚሰጧችሁ ጸሐፊዎች አሉ፣ በሱ ቢሮ ላይ አያስተናግዷትም። መንገዱ ሲዘጋ ወይም ትኬት ሲጠፋ ያኔ ውክልና እሰጣለሁ ማለት አይሆንም፣ ቀድሞ ነው።

ገንዘቡ ጋ ሰው በጣም ይጨነቃል፣ ልክም ነው። ጀርመን አንድ ተማሪ ለአንድ ዓመት የሚኖርበት ገንዘብ እንዳለው ማየት ትፈልጋለች፣ ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ 11,904 ዩሮ ነው፣ በወር 992 ማለት ነው፣ እኔ ስሄድ 11,208 ነበር፣ ስለዚህ የምታገኙት የቆየ መረጃ ላይ ያለውን ቁጥር አትያዙ። ሦስት መንገድ አለ። አንዱ ብሎክድ አካውንት ነው፣ እንደ ፊንቲባ ወይም ኤክስፓትሪዮ ባሉ ድርጅቶች በኩል በኦንላይን ይከፈታል፣ ብሩ ይገባና ጀርመን ከደረሳችሁ በኋላ በየወሩ ይለቀቅላችኋል፣ ለኤምባሲው የምታቀርቡት ገንዘቡ ገብቷል የሚለውን ማረጋገጫ ነው፣ አካውንት ተከፍቷል የሚለውን ብቻ አይደለም። ሁለተኛው ስኮላርሺፕ ነው፣ ዳአድ (የጀርመን የትምህርት ልውውጥ ድርጅት) ወይም ሌላ፣ ደብዳቤው ላይ በወር ስንት ዩሮ፣ ከመቼ እስከ መቼ የሚለው መጻፍ አለበት። ሦስተኛው ጀርመን የሚኖር ዘመድ እዛው ያለበት ከተማ የውጭ ዜጎች ቢሮ ሄዶ "ወጪውን እኔ እሸፍናለሁ" ብሎ የሚፈርመው ፌርፕፍሊሽቱንግስኤርክሌሩንግ የሚባል ወረቀት ነው። ስሙ አፍ ያስራል፣ ግን ዘመዳችሁ በዚህ ስም ነው መጠየቅ ያለበት፣ እና ለትምህርት መሆኑ ይጻፍበት፣ ኦሪጅናሉን በፖስታ ወይም በሰው ይላክ፣ የቴሌግራም ፎቶ አይበቃም። ወረቀቱ ቀኑ ሳይቆይ መቅረብ ስላለበት ገና አድሚሽን (ዩኒቨርሲቲው ተቀብሎኛል የሚለው ደብዳቤ) ሳይመጣ አታስወጡት።

ዘመድ ነው የሚከፍለው ካላችሁ ዝምድናው መታየት አለበት። "አጎቴ ነው" ስትሉ የሱና የአባታችሁ የአባት ስም አንድ መሆኑ በወረቀት ይውጣ። እዚህ ላይ ነው የኛ አጎትነት ችግር የሚያመጣው፣ የአባት የቅርብ ጓደኛም አጎት ነው፣ የአክስት ባልም አጎት ነው፣ ፎርም ላይ ግን እንደዛ አይጻፍም፣ ጓደኛ ከሆነ የቤተሰብ ጓደኛ ብላችሁ ጻፉ። እውነቱ ከተጻፈ ምንም አያስቀይምም።

ስለ ደላላ አንድ ነገር ልበል። ባንክ ስቴትመንት እናሠራለን፣ የሥራ ልምድ እናሠራለን የሚሉ ሰዎች ይመጣሉ፣ ልጆቻችንን እያስለቀሱ ነው። ሐሰተኛ ወረቀት ያለበት ፋይል ይከለከላል፣ ቪዛው ቢሰጥ እንኳ በኋላ ሲታወቅ ከአገር ለማስወጣት ምክንያት ይሆናል፣ ለሚቀጥለው ማመልከቻችሁም መዝገብ ላይ ይቀመጣል። ጎደሎ ነገር ካላችሁ ጎደሎ መሆኑን ጻፉና ለምን እንደጎደለ አስረዱ። አንድ ዓመት ትምህርት በኮሮና ተቋርጦባችሁ ነበር፣ ወይም በጸጥታው ምክንያት ዩኒቨርሲቲ ሳትገቡ ቆያችሁ፣ ይሄ የሚያሳፍር ነገር አይደለም፣ ሲቪያችሁ ላይ ባዶ ትታችሁ ከምታልፉት ከወር እስከ ወር ጽፋችሁ አስረዱ።

የሥራ ልምድ ደብዳቤ የድርጅቱ ራስጌ ያለው ወረቀት ላይ፣ ቁጥር፣ ቀን፣ ማኅተም፣ የፈራሚው ሙሉ ስምና ሥልጣን፣ የሚሠራ ስልክ ይኑረው። "ከ2014 እስከ 2015" ብሎ ብቻ ከጻፈ ጀርመን ያለው ሰው በፈረንጅ ዓመት ወስዶት ሰባት ስምንት ዓመት ቀድማችሁ፣ ገና ልጅ ሆናችሁ እንደሠራችሁ ነው የሚያነበው፣ ስለዚህ እንግሊዝኛው ላይ በፈረንጅ አቆጣጠር ይጻፍ፣ አማርኛው ላይ ዓ.ም. ትባል። ሞቲቬሽን ሌተሩን ራሳችሁ ጻፉት፣ ከሌላ ሰው የተገለበጠ ይታወቃል። ለምን ያ ትምህርት፣ ለምን ያ ዩኒቨርሲቲ፣ ስትጨርሱ ምን ልትሠሩበት፣ ከተማራችሁት ጋር እንዴት ይያያዛል፣ በቃ። እህቴ የጣናን የእምቦጭ አረም ስለሚመለከት ሥራዋ ነው የጻፈችው፣ ከባሕር ዳር ውጭ ያለ ሰው ሊጽፈው የማይችል ነገር ነው፣ እናንተም እንደዚህ ያለ የራሳችሁ ነገር አይጠፋችሁም።

ቋንቋና ኢንሹራንስ ላይ ብዙ የምለው የለኝም። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ከሆነ አይኤልትስ ወይም ቶፍል፣ በጀርመንኛ ከሆነ አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ አካባቢ ያለው ጎተ ኢንስቲትዩት ነው የሚፈትነው፣ ቀኑን ቀድማችሁ ያዙ። ኢንሹራንሱ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የጉዞ የጤና ኢንሹራንስ ነው፣ ከደረሳችሁ በኋላ በተማሪ ዋጋ የሕዝብ ኢንሹራንስ ውስጥ ትገባላችሁ፣ እሱ ዕድሜያችሁ 30 እስኪሞላ ነው።

ፎቶ ግን! 35 በ45 ሚሊ ሜትር፣ ከስድስት ወር ያልበለጠ፣ ነጣ ያለ ጀርባ፣ ፊት ቀጥ ብሎ። ፎቶ ቤቶቻችን ሰው ማሳመር ይወዳሉ፣ ፊት ያቀላሉ፣ ጠባሳ ያጠፋሉ፣ በኮምፒውተር ኮትና ከረባት ያለብሳሉ። "ምንም አትንካው፣ ለኤምባሲ ነው" በሏቸው፣ ሲሠሩም አጠገባቸው ቁሙ።

ለትምህርት ሳይሆን ባል ወይም ሚስት ጋ የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ አብዛኛው ከላይ ያልኩት ይሠራል፣ ዋናው ልዩነት የጋብቻ ሰርተፊኬት እና ብዙውን ጊዜ የኤ1፣ የጀማሪ ደረጃ፣ ጀርመንኛ ፈተና ነው። በቤተ ክርስቲያን ተክሊል ያደረጋችሁ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ወረቀት ብቻውን አይበቃም፣ ወሳኝ ኩነት ላይ አስመዝግባችሁ ሰርተፊኬት አውጡ።

ሁሉም ሲሟላ ስካን ይደረጋል፣ ምክንያቱም ከ2025 መግቢያ ጀምሮ የጀርመን ናሽናል ቪዛ ማመልከቻ በኦንላይን ፖርታል ይቀርባል፣ ወረቀቱ እዛ ተጭኖ ከታየ በኋላ ነው ኦሪጅናሉን ይዛችሁ አሻራ ለመስጠት የምትሄዱት። በስልክ ጥላ ያለበት ፎቶ አታንሱ፣ ስካን ቤት ሂዱ፣ እያንዳንዱ ወረቀት ለብቻው ፒዲኤፍ ይሁን፣ ስሙም ምን እንደሆነ ይጻፍበት። ከስካን ቤቱ ስትወጡ ፋይላችሁን ከኮምፒውተሩ አስጠፉ፣ ፓስፖርታችሁ የሰው ኮምፒውተር ላይ ምን ይሠራል። እና ሁሉንም በፍላሽ ያዙ፣ ዋና ዋናውን ፕሪንት አድርጉ። በ2015 ነሐሴ ላይ በክልላችን የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ አድሚሽን ሌተራቸው ኢሜይል ውስጥ ብቻ የነበረ ልጆች ነበሩ፣ እኔ ቀድሜ ፕሪንት አድርጌ ስለነበር ተረፍኩ።

ጊዜውን ከመጨረሻው ወደኋላ ቁጠሩት። ዊንተር ሴሚስተር ኦክቶበር ላይ ይጀምራል፣ ለብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች የማመልከቻ ማብቂያው ጁላይ 15 ነው፣ ማለትም ሐምሌ 8፣ አንዳንዶቹ ግን ከዛ ብዙ ይቀድማሉ። የቪዛ ቀጠሮ ወረፋው ረጅም ነው፣ ውሳኔውም ሳምንታትን አንዳንዴም ወራትን ይወስዳል። ስለዚህ አድሚሽን ሲመጣ መጀመር ሳይሆን አድሚሽኑ ሲመጣ እሱና ገንዘቡ ብቻ እንዲቀራችሁ ነው። ለእህቴ ያወጣንላት እንደዚህ ነው፣ ጥቅምት ላይ ስምና ልደት፣ እስከ ገና ኮስት ሼሪንግና ትራንስክሪፕት፣ በጾሙ ወራት አዲስ አበባ ማኅተም፣ ከፋሲካ በኋላ ማመልከቻ።

የቀጠሮው ቀን ከመድረሱ ሁለት ቀን ቀድማችሁ አዲስ አበባ ግቡ፣ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ነው ብላችሁ የዛኑ ቀን ጠዋት አትነሱ፣ በረራ ይዘገያል ይሰረዛልም። ማደሪያ ቀበና አካባቢ ወይም አራት ኪሎ ያዙ፣ ኤምባሲው ቀበና ስለሆነ በእግርም ይደረሳል። ማታ ወረቀቱን በቼክሊስቱ ቅደም ተከተል ደርድሩ፣ ኦሪጅናል ለብቻ፣ ኮፒ ለብቻ፣ የቪዛ ክፍያው ለአዋቂ 75 ዩሮ ነው፣ በምን እንደሚከፈል የቀጠሮ ወረቀቱ ላይ አንብቡና ተመጣጣኙን ትንሽ አትርፋችሁ ያዙ። እና የቀጠሮውን ሰዓት ደግማችሁ እዩ። ወረቀቱ ላይ 9:00 የሚለው በኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው፣ እናታችሁም ስትደውል "ዘጠኝ ሰዓት ነው" ሳትሏት "ሦስት ሰዓት ነው" በሏት፣ አለዚያ ቀኑን ሙሉ ከሰዓት ነው ብላ ስትጸልይ ትውላለች።